ካቴናው የወለቀ ዕለት

ሰው በማያውቀው ነገር ቢዋረድ «አላውቅም ነበር» ብሎ ይገላገላል። የእኔ ውርደት ግን ሁልጊዜ የሚመጣው በማውቀው ነገር ነው። ታክሲ ስነዳ የነዳጁ መለኪያ ዓይኔ ሥር እያለ ነዳጅ ጨርሼ ቆሜ አውቃለሁ፤ ያውም ተሳፋሪ ሞልቼ፣ ያውም ማደያ ፊት ለፊት። ሚስቴ ሽንኩርት እንዳልገዛ ሦስት ጊዜ ነግራኝ ሽንኩርት ተሸክሜ ገብቻለሁ። ስለዚህ ይሄን ጉድ ስነግራችሁ «ምስኪን፣ ሳያውቅ ነው» እንዳትሉኝ አደራ። አውቅ ነበር።

ነገሩ የደረሰብኝ ታክሲውን ትቼ የሚኒ ሎደር ኦፕሬተር በሆንኩ በአምስተኛው ወር ነው። ሚኒ ሎደር ለማያውቃት፣ እንደ ዶዘር በሰንሰለት የምትሄድ፣ ቁመቷ ከሚኒባስ የማይበልጥ፣ ከፊቷ አፈር የሚዝቅ ሰፊ ባኬት ያላት ማሽን ናት። ሰንሰለት ይባላል እንጂ ወፍራም ላስቲክ ነው፤ በግራና በቀኝ እግሯ ላይ እንደ ቀበቶ ይጠመጠማል። ቀበቶ ሲላላ ሱሪ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። እዚህም ያው ነው፤ ልዩነቱ ሱሪን በእጅ ይዞ ቤት መግባት መቻሉ ብቻ ነው።

መካኒካችን ጋሽ ተካ ጋራዣቸው ኮልፌ ነው። እሳቸው ይህን ላስቲክ «ካቴና» ይሉታል። ሙያውን ያስተማሯቸው ሰዎች ከጣሊያን ሥር የሠሩ ስለነበሩ፣ ለጋሽ ተካ ዛሬም ካቻቢቴው ካቻቢቴ፣ ግራሶው ግራሶ፣ ሰንሰለቱም ካቴና ነው። እኛም ኦፕሬተሮቹ ከአፋቸው ለቅመን ካቴና ስንል እንውላለን። ሌላው ሕዝብ ካቴና ሲባል ምን እንደሚታየው አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

ጋሽ ተካ ማሽኗን ሲያስረክቡኝ ሦስት ነገር ነግረውኛል። «ጠዋት ጠዋት ከሥሯ ያለውን ጭቃና ድንጋይ ፈልፍለህ አውጣ። ካቴናው ላልቶ እንደሆነ መወጠሪያው ውስጥ ግራሶ ጨምረህ ወጥረው። ዳገት ላይ ደግሞ ባለህበት ቆመህ አትሽከርከር፤ ወደፊት ወደኋላ እያልክ በትዕግሥት ዙር። ይሄን ካደረግክ አይወልቅብህም።» እኔም «እሺ ጋሼ» አልኩ። «እሺ» ማለት እንደኔ የሚቀናው ሰው አዲስ አበባ ውስጥ የለም።

ቤታችን ከዓለም ባንክ ሰፈር አስፋልት ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ከእኛ ዝቅ ብሎ፣ መጨረሻው ግቢ፣ የእትዬ ድንቅነሽ ነው። እትዬ ድንቅነሽ እኔ ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ፎርፌ ኳስ ስጫወት ጆሮዬን ይዘው ክፍሌ ድረስ የሚያደርሱኝ ሴት ነበሩ። አሁን ኩላሊታቸው እምቢ ካላቸው ሁለት ዓመት አልፏል። ሰኞና ሐሙስ እጥበት አላቸው። አንድ ቀን ካለፋቸው ሰውነታቸው ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ቀልድ የለውም።

ድሮ ባጃጅ በራቸው ድረስ እየመጣ ይወስዳቸው ነበር። በዚያ ክረምት ዝናቡ መንገዱን ከላይ እስከታች ሰነጠቀውና ባጃጅ ቀረ። ሰኞ ዕለት ልጃቸው ትግስትና እኔ በግራና በቀኝ ደግፈናቸው ወጣን። ሦስት ጊዜ አረፍን። በሦስተኛው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና «በቃ፣ እዚሁ ተዉኝ» አሉ። ቀልዳቸውን መስሎኝ ፊታቸውን አየሁት። ቀልዳቸውን አልነበረም።

ያን ጊዜ አፌ ቀደመኝ። «እትዬ፣ ሐሙስ ባጃጅ በርዎ ድረስ ካልመጣ እኔ ወንድ አይደለሁም!» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ሴትም ብትሆን ግድ የለኝም ልጄ፤ መንገዱ ብቻ ይሠራ» አሉኝ።

አለቃዬን ለመንኩት። ደግ ሰው ነው፣ ማሽኗን ለረቡዕ አንድ ቀን ፈቀደልኝ። ረቡዕ ጠዋት ስወጣ ባለቤቴ አስካለ በር ላይ ያዘችኝ። አስካለ ክፉ ነገር ከመድረሱ በፊት ማልቀስ የምትወድ ሴት ናት፤ ሲደርስ ጊዜ እንዳይባክን ይመስለኛል።

«ፈቃድ አለህ?» አለችኝ።

«የምን ፈቃድ? የሰፈር መንገድ ነው።»

«የመንግሥት መንገድ ያለ ፈቃድ እየቆፈርክ፣ በካቴና አስረው ነው የሚወስዱህ! እኔ ነገርኩህ፣ አልነገርሽኝም እንዳትል!»

ሳቅኩባት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ያን ቀን የሳቅኩት የመጨረሻ ሳቅ እሱ ነበር።

ጠዋት ከሥሯ ያለውን ጭቃ ፈልፍያለሁ? ትንሽ ፈልፍያለሁ። ካቴናውን አይቻለሁ? አይቼዋለሁ፤ ላላ ብሏል፣ «ለአንድ ቀን ምን ይሆናል» ብዬ ተውኩት። እስከ ረፋዱ ሥራው እንደ ቅቤ ሄደ። ከላይ ጀምሬ ስንጥቁን እየሞላሁ፣ እየደለደልኩ፣ እየጠቀጠቅኩ ወረድኩ። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ያየኝ ጀመር። አንዷ «ተባረክ» አለችኝ። አንዱ በስልኩ ቀረጸኝ። ክቡራን አንባቢያን፣ እኔ ለጭቃ አልሸነፍም፣ ለድንጋይ አልሸነፍም፤ ሰው ካየኝ ግን አለቀልኝ። ልታይ ልታይ ማለት ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል የተባለው ለእኔ ነው።

መንገዱ በጣም የሚጠብበት ቦታ አለ፤ በአንድ በኩል የጎረቤታችን የጋሽ ሸምሱ የድንጋይ አጥር፣ በሌላ በኩል ውሃው የቦረቦረው ገደል። እዚያ ስደርስ ያ ሰውዬ ስልኩን እንደደገነ ነው። ወደፊት ወደኋላ እያልኩ በትዕግሥት መዞር የአሮጊት ሥራ መሰለኝ። ባለሁበት፣ ዳገቱ ላይ፣ አንዱን እግሯን ወደፊት ሌላውን ወደኋላ ሰጥቼ አሽከረከርኳት።

«ጓ!» አለች። ከዚያ እንደ አሮጌ ጫማ ሶል «ቸፍ» የሚል ድምፅ ተሰማኝ። ማሽኗ ወደ ገደሉ ዘንበል አለችና ቆመች። ወርጄ ሳይ የግራው ካቴና ከእግሯ ወልቆ ጭቃው ላይ ተጋድሟል። ፊቷ ወደ ታች፣ ጀርባዋ ወደ አስፋልቱ፣ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞልታዋለች። ጠዋት ቢያንስ ሰው ተደግፎ ያልፍበት የነበረ መንገድ ነው። አሁን ፍየልም አያልፍበት።

ሰውየው ስልኩን ኪሱ ከተተና ሄደ።

ለብቻዬ ልመልሰው ስታገል ካቴናውን ይባስ አጣመምኩት። ከዚያ ወደ አስካለ ደወልኩ። የስልኬ ባትሪ ሊያልቅ ስለነበር ተጣድፌ ነው የተናገርኩት። ያልኩት ቃል በቃል ይሄ ነው፦ «አስካለ፣ ካቴናው ወልቋል! መንገድ ዘግቼ ነው ያለሁት። ሰው ሰብስቢና ላኪልኝ፣ ዲጅኖ ይያዙ—» ስልኬ ጠፋ።

እናንተም አሁን በእሷ ጆሮ ስሙት። ጠዋት «በካቴና ይወስዱሃል» ብላ የሸኘችው ባሏ ካቴናውን አውልቋል፣ መንገድ ዘግቷል፣ ዲጅኖ የያዙ ሰዎች ይምጡልኝ ይላል። ባለቤቴ ሽፍታ ማግባቷን ያወቀችው ያን ቀን ነው።

ቀጥሎ ያለውን በኋላ ከራሷ ሰማሁ። እያለቀሰች ወደ ጋሽ ሸምሱ ሮጠች። ጋሽ ሸምሱ የአጥሩ ባለቤት ናቸው፤ ኮልፌ ገበያ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣሉ፣ የእድራችንም ሊቀመንበር ናቸው። ሲሰሙ «አስተግፊሩላህ! ያ ልጅ? እሱ እኮ ዶሮ እንኳ ማረድ ይፈራል» አሉ። ቢሆንም መታወቂያቸውን ኪሳቸው ከተው ዋስ ሊሆኑኝ ተነሡ። አስካለ ስንቅ ቋጠረች፤ ብርድ ልብስም ያዘች። ፖሊስ ጣቢያ ደረሱ።

ተረኛው መዝገቡን ገልጦ «በዚህ ስም የገባ ሰው የለም» አላቸው።

«አዎ የለም!» አለች ሚስቴ። «ወጥቷል እኮ! ካቴናውን አውልቆ አምልጧል! ወንድሜ፣ ስትይዙት ብቻ እንዳትመቱት፣ ወገቡን ያመዋል!»

ባሏን በገዛ አፏ ያስጠቆመች ሴት ናት እንግዲህ። አልፈርድባትም። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል፤ እሷ እንኳን ሐሳብ ብርድ ልብስም ጨምራበታለች።

እኔ ይሄን ሁሉ አላውቅም። ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ ከካቴናው ጋር ስታገል ከላይ የሰው ጫጫታ ሰማሁ። ቀና ስል ሰፈሩ በሙሉ ይወርዳል፤ ከፊት አንድ ፖሊስ፣ ከኋላው ጋሽ ሸምሱ መታወቂያቸውን ከፍ አድርገው ይዘው፣ ከኋላቸው አስካለ ብርድ ልብስ አቅፋ፣ ከኋላዋ ምን እንደተፈጠረ የማያውቅ ነገር ግን እንዳያመልጠው የፈለገ ሕዝብ። በማሽኗና በአጥሩ መሐል አንገታቸውን አስግገው አዩኝ።

ፖሊሱ «ካቴናውን ያወለቅከው አንተ ነህ?» አለኝ።

አንገቴን ደፋሁ። «አዎ፣ በእኔ ጥፋት ነው የወለቀው።»

«የታለ?»

«ይኸው» ብዬ ጭቃው ላይ የተጋደመውን አሳየሁት።

ፖሊሱ ላስቲኩን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ላስቲኩን አየ። «ይሄ ነው ካቴና?»

«አዎ።»

ከወገቡ የራሱን ካቴና ፈትቶ ፊቴ ላይ አንጠለጠለው። «ወንድሜ፣ ካቴና ማለት ይሄ ነው።»

«እሱን ለጋሽ ተካ ይንገሩልኝ» አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

ሕዝቡ ሳቀ። አስካለ ግን አልሳቀችም፤ በማሽኗ ጠርዝ በኩል ተንጠራርታ ስንቁን ወረወረችልኝ። «ብላው! ለእስር ቤት የተቋጠረ ነው፣ ይገባሃል!» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በላሁት።

ፖሊሱ ግን ሥራውን አልረሳም። «ለመሆኑ ለመቆፈር ፈቃድ አለህ?» አለኝ። መልሱን የሰጡልኝ ጋሽ ሸምሱ ናቸው፦ «የኔ ልጅ፣ ይሄን መንገድ የቆፈረው ዝናብ ነው። እሱን ካገኘኸው ፈቃዱን ጠይቅልን።» ፖሊሱ ገደሉን አየ፣ ከዚያ ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ።

ጋሽ ተካ ተጠርተው ደረሱ። ማሽኗን ዞረው ማየት ስለማይቻል በአጥሩ ላይ ተንጠላጥለው አዩዋት። ከዚያ እኔን እንደ ተማሪ ጠየቁኝ።

«ጭቃውን ፈልፍለህ ነበር?»

«ትንሽ…»

«ላላ ብሎ ነበር?»

«ትንሽ…»

«ቆመህ ተሽከረከርክ?»

«ትንሽ…»

«ትንሽ፣ ትንሽ፣ ትንሽ!» አሉ። «ሦስት ትንሽ አንድ ትልቅ ደደብ ይወልዳል።»

ለሰው እንዲህ አይባልም፤ ግን ሒሳቡ ልክ ስለሆነ አልተቀየምኩም።

ሥራው ተጀመረ። መወጠሪያው ውስጥ ያለውን ግራሶ አፈሰስነው። ባኬቱን መሬት ላይ ተጭነን ማሽኗን ከፊቷ ብድግ አደረግናት፣ ከሥሯ ድንጋይ ደረደርን። በዲጅኖ እየፈለቀቅን፣ በገመድ እየጎተትን፣ ሃያ ሰው «ሆ!» እያለ፣ ፖሊሱም አብሮ ሆ እያለ፣ ምክር ደግሞ ከአርባ ሰው እየመጣ፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ካቴናው እግሯ ላይ ገባ። ሰው አጨበጨበ። ያውላችሁ፣ ጭብጨባ።

ዘልዬ ገብቼ አስነሣኋት። ጋሽ ተካ «ቆይ! ግራሶ ሰጥቼ ሳልወጥረው—» ሲሉ ሰምቻለሁ። በደንብ ነው የሰማሁት። ብቻ እጄ ቀድሞ ነበር። ሁለት ሜትር ያህል ሄድኩ፣ ያቺ «ቸፍ» ተደገመች። አሁን ደግሞ ሲወልቅ የድንጋይ ስለት ጠርዙን ሸረከተው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመውም አልተረፈኝም። ወዲያው ዝናቡ ወረደ።

ጋሽ ተካ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ሌላ ካቴና ፈልጌ ነገ ከሰዓት አመጣለሁ» አሉ።

«ነገ እኮ ሐሙስ ነው» አልኩ።

ሁሉም ሐሙስ ምን እንደሆነ ያውቃል። አንድ በአንድ ዝናቡን እየሸሹ ሄዱ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እያካፋ ነበር። እትዬ ድንቅነሽ ትግስትን ተደግፈው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ከታች መጡ። ፊታቸው አብጧል። ማሽኗ ፊት ሲደርሱ ቆሙና ከእግሯ እስከ ጣራዋ አዩዋት። «ይቺ ናት ባጃጇ?» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለነገሩ አጠገቤ የተከፈተ ገደል ነበር፤ የገደሉ አፍ ግን ሌሊቱን ተንዶ እስከ ጉልበት የሚደርስ ውሃ እያስገመገመ ነበርና በዚያ ማለፍ አልታሰበም። ከላይ በኩል የቆመ አንድ ጎረቤት «ባኬቱ ላይ አስቀምጠን በራሷ በማሽኗ ብናሻግራቸው?» አለ።

«እኔ አሸዋ ነኝ?» አሉ እትዬ ድንቅነሽ።

ቢሆኑስ ማሽኗ መች ትንቀሳቀሳለች። ትግስት ሰዓቷን አየች። የእጥበቱ ወረፋ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ጋሽ ሸምሱ ጃንጥላቸውን ይዘው ግቢያቸው ውስጥ ቆመው አጥራቸውን ያዩታል። ያ አጥር ከማሽኗ በላይም በታችም ይዘልቃል። ድንጋዩን አንድ በአንድ ሲያስገነቡ አስታውሳለሁ፤ አንዷ ጠመመች ብለው ግንበኛውን አስፈርሰውታል።

«አፍርሱት» አሉ።

«ጋሽ ሸምሱ…»

«አፍርሱት አልኩ እኮ! አጥር ይገነባል። ዲጅኖ የታለ?»

ድንጋዩ በሲሚንቶ የታሰረ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። እትዬ ድንቅነሽ መቆም አቃታቸው። አካባቢው ላይ ጣራ ያለው ነገር የማሽኗ ወንበር ብቻ ነበር። ባኬቱን እንደ ደረጃ አድርገን ደግፈን አወጣናቸውና የእኔ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ ከእግራቸው ሥር ባኬቱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ምኗ ነው የወለቀው?» አሉኝ።

«ካቴናዋ፣ እትዬ።» ከዚያ የአስካለን፣ የስንቁን፣ የዋሱን ነገር ሁሉ ነገርኳቸው። ሳቁ። ትንፋሽ እያጠራቸው፣ ደረታቸውን ይዘው ሳቁ። «ወይኔ አስካለ! ብርድ ልብስ!» አሉ። ሳቃቸው ሲያልቅ የግራ እጃቸውን እጅጌ ሰብስበው መርፌው የሚገባበትን አሳዩኝ። ሥሩ እንደ ገመድ ተወጣጥሯል፣ ቆዳው ጠቁሯል።

«የእኔ ካቴና ይሄ ነው። ሰኞ ታስሬ፣ ሐሙስ ታስሬ። የአንተ ሲወልቅ ሃያ ሰው ሆ ብሎ ይመልሰዋል አይደል? ጎበዝ ናችሁ። የእኔ የወለቀ ቀን ግን ዲጅኖ ይዛችሁ እንዳትመጡ። ተዉኝ።»

«እትዬ፣ እንዲህ አይበሉ።»

«ሰው ሲያወራ አታቋርጥ፤ ድሮም ጠባይህ ነው» አሉኝና ጆሮዬን ያዙኝ። ጣቶቻቸው አብጠው ስለነበር መቆንጠጡ አልሆነላቸውም። እንዲሁ ያዝ አድርገውት ቆዩ። እንባዬ መጣ፤ ዝናብ ስለሆነ አልታወቀብኝም።

አጥሩ ተከፈተ። በጋሽ ሸምሱ ግቢ፣ በልብስ ማስጫው ሥር፣ በኩሽናው በኩል አሳልፈን በላይኛው በር አወጣናቸው። አንድ ሰዓት አርፍደው ደረሱ፣ እጥበቱም ተደረገላቸው። ጋሽ ተካም ካቴናውን ከሰዓት አመጡ። እሳቸው እስኪወጥሩት ድረስ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ። ከዚያ ማንም ሳያየኝ፣ ወደፊት ወደኋላ እያልኩ፣ በትዕግሥት፣ መንገዱን እስከ እትዬ ድንቅነሽ በር ድረስ ደለደልኩት። አፈሩን ሦስት አራት ጊዜ እየተመላለስኩ ጠቀጠቅኩት። አለቃዬ ማሽኗ መቼ ትመለሳለች ብሎ ሲጠይቀኝ «ትንሽ…» አልኩት። ጋሽ ሸምሱ ባፈረሱት አጥር ላይ በር ገጠሙበት፤ «ለክፉ ቀን ይሁን» አሉ።

ሰኞ ባጃጅ በራቸው ድረስ መጣ። ሐሙስም መጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ መስቀል አለፈ። በደጃፌ ሲያልፉ በባጃጁ ሸራ በኩል እጃቸውን አውጥተው «ሽፍታው!» ይሉኛል። በሕይወቴ እንዲህ የኮራሁበት ስም የለኝም።

በጥቅምት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ትግስት ናት። ቁርስ ላይ ነበርን፣ አስካለ አጠገቤ ተቀምጣለች። «ጋሼ፣ እማዬ ለሱ እንዲህ ብለሽ ንገሪው ብላኛለች» አለች። «ካቴናው ወለቀ።»

«ምን አለችህ?» አለች አስካለ።

«ካቴናው ወለቀ።»

ባለቤቴ በዚህኛው ጊዜ ስንቅ አልቋጠረችም፣ የምን ካቴና ነው ብላም አልጠየቀችኝም። ተነሥታ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች።

የእድሩ ድንኳን እንዲተከል የተወሰነው መንገዱ ላይ፣ በራቸው ፊት ለፊት ነው። ሌላ ደልዳላ ቦታ የለም። ወጣቶቹ ካስማውን ይዘው መዶሻ ቢያነሱ ቢያነሱ መሬቱ እምቢ አለ። ያንን አፈር ማን እንደጠቀጠቀው ሁሉም ስለሚያውቅ ዘወር ብለው አዩኝ። ጋሽ ሸምሱም አዩኝ።

«ዲጅኖ አምጣ» አሉኝ።

እትዬ እንዳታመጡ ብለውኝ ነበር። ሄጄ አመጣሁ።